ምዕራፍ 4፦ ኖራው ሳይጠፋ

በበቾ ሜዳ፣ ተፍኪ ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው ከሁሉም ቀን ርካሹ ኖራ የሚሰመርበት ቀን ነው። ግንበኛው ችካል ይመታል፣ ሲባጎ ይወጥራል፣ በጣሳ የያዘውን ኖራ በሲባጎው ሥር እየነሰነሰ መሬት ላይ ቤት ይስላል። ጥጉ መቅናቱን በዓይኑ አያምንም። ከጥጉ ተነሥቶ በአንዱ ሲባጎ ላይ 60 ሳንቲም፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲም ይለካል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ድፍን 100 ከመጣ ጥጉ ቀንቷል፤ 98 ወይም 103 ከመጣ ችካሉ ተነቅሎ እንደገና ይመታል። በዚያ ቀን ግድግዳ ማፍረስ ማለት ነጩን መስመር በጫማ ማጥፋት ነው። በማግሥቱ ዶማ ከገባ በኋላ ግን በመስመሩ ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አርማታ፣ በአርማታው ላይ ብሎኬት ይደራረባል፤ ያንኑ ግድግዳ ለማንሣት መዶሻ፣ ገንዘብና የአንድ ወር ጭቅጭቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ኖራ የተሰመረው ኅዳር ላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሽምብራ እሸት ይዟል። ቦታው 200 ካሬ ነው፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20፤ መንገዱ በሰሜን በኩል ያልፋል። ፕላኑ የወዳጅ ፕላን ነበር፤ ሰበታ ላይ ተሠርቶ ያየነውና የወደድነው። 8 በ9፣ 72 ካሬ ቤት፤ ሦስት መኝታ፣ 27 ካሬ ሳሎን፣ ከኋላ አጥሩን ተደግፎ ማድ ቤት ያለበት ሰርቪስ።

እናቴ በርጩማዋን ይዛ በኖራው መካከል ትዘዋወራለች። ግንበኛው በትሕትና ያስጎበኛታል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ሳሎኑ ነው። ያ ደግሞ የእርስዎ መኝታ።»

«ቡናዬንስ የት ነው የማፈላው ልጄ?»

«ሳሎን ነዋ እማማ! ሰፊ ነው፣ እንደ ልብዎ።»

«ሳሎንማ የእንግዳ ነው።»

ይህን ብላ በርጩማዋን ከኖራው ውጭ፣ ፀሐይ ያረፈበት የኋለኛው ጥግ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ግንበኛው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቷን ነበር፤ እስከዚያ ቀን በተከራየናቸው ቤቶች ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ቡና ያፈላችው በበዓልና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። የዘወትሩ ቡና የሚፈላው ማድ ቤቱ በር ላይ ነበር።

አንድ ቤተሰብ ፕላን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት መኝታ አለው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሳሎኑን በካሬ ይለካል። ቤቱን በክፍል ብዛት መቁጠር የለመድነው ከደላላና ከማስታወቂያ ይመስለኛል፤ አያቶቻችን እንዲህ አይቆጥሩም ነበር፤ የእነሱ ቤት አንድ ቤት አልነበረምና። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ የተከፈተውን የምኒልክን ግቢ የጎበኘ ሰው ነገሩን በእግሩ ያየዋል። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ለብቻው ቆሟል። እልፍኙ፣ ማለትም ንጉሡ የቅርብ ሰው ብቻ ይዘው የሚያርፉበት፣ ሌላ ቤት ነው። የጸሎት ቤቱም የራሱ ነው። የበቾ ገበሬም በአቅሙ ያንኑ ሥርዓት ይዞ ኖሯል፤ መኝታው አንድ ጎጆ፣ ማድ ቤቱ ሌላ፣ ጎተራው ፈንጠር ብሎ፣ በረቱ ከነፋሱ በታች። ጭሱ፣ እንግዳው፣ ከብቱና እንቅልፉ እየብቻቸው ጣሪያ ነበራቸው፤ በመካከላቸው ያለው ግቢ ደግሞ ትልቁ ክፍል ነበር።

ከዚያ ግቢው እየጠበበ መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውን የመኖሪያ ቦታ በ500 ካሬ ወሰነው። ዛሬ አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች 500 ካሬ ያለው ሰው እንደ ባለ ርስት ይታያል፤ የብዙው ሰው ቦታ ከዚያ ግማሽ አይደርስም። በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢውን ጭራሽ አስቀሩት፤ ይሁን እንጂ ያለ ግቢ የማይሆነው ነገር እንዳለ ንድፍ አውጪዎቹም ገብቷቸው ነበርና በየሳይቱ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ሕንፃ ሠሩ። ነዋሪው «ኮሙናል» የሚለው ይህ ቤት ሌላ ምንም ሳይሆን የጠፋው ጓሮ ነው።

እንግዲህ ተፍኪም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ላይ ቦታ ይዘን ፕላን ስንዘረጋ የምንሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ አንድ ሙሉ ግቢ አጥፎ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ማስገባት። ሲታጠፍ የትኛው ከየትኛው ጋር ይጎራበት? የትኛው ይጨፍለቅ? ከወዳጅ የተቀዳ ፕላን ይህን የሚመልሰው በወዳጁ ኑሮ ነው።

እኔ ማታ የሠራሁት ቀላል ነገር ነው። አንድ ወረቀት አወጣሁና በቤታችን ያለ ሰው ሁሉ በተራ ሰኞ ቀን፣ በተራ እሑድና በበዓል ቀን በየሰዓቱ የት እንደሚገኝ ጻፍኩ። ሳሎኑ በሥራ ቀን የሚሞላው ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ብቻ ሆነ። ለእንግዳ የሚያስፈልገው ቀን በዓመት ቢበዛ ሃያ ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ ደግሞ 27 ካሬም 50 ካሬም አይበቃም፤ ድንኳን ይጣላል። ስለዚህ ለድግስ ብለን ሳሎን የምናሰፋ ሰዎች ራሳችንን እናታልላለን። ለድግስ የሚያስፈልገው የተሰበሰበ ባዶ ግቢ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት፣ ጎረቤት መጥቶ ድስት የሚጥድበት። ቤቱን መሬቱ መካከል ላይ ጥለው በአራቱም ጎን ሜትር ተኩል ሜትር ተኩል ያስቀሩ ሰዎች የትም ብዙ ናቸው። የተረፈው ሁሉ ሲደመር ሰፊ ነው፤ ድንኳን ግን አይተከልበትም።

በወረቀቱ ላይ የጨነቀኝ ግን የእግር ነገር ነው። በተቀዳው ፕላን ከሰርቪሱ ማድ ቤት እስከ ምግብ ጠረጴዛው 12 ሜትር ነው፤ 4 ሜትሩ ሜዳ፣ ቀሪው ቤት ውስጥ። ደርሶ መልስ 24 ሜትር ማለት ነው። ወጥ፣ እንጀራ፣ ውሃ፣ የረሱት ጨው፣ ሰሐን መመለስ፣ ሻይ እየተባለ በቀን 25 ጊዜ ቢመላለሱ 600 ሜትር ይሆናል። በዓመት 219 ኪሎ ሜትር! ይህ መንገድ በጅማ መስመር ቢዘረጋ ከተፍኪ ተነሥቶ ወልቂጤን አልፎ ጊቤን ያሻግራል። የሚሄደው ሰው ትሪ ይዞ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ክረምቱን በሙሉ የሚሄደው በጭቃና በዝናብ ነው። ፕላኑን የመረጥነው እኔና ወዳጄ ነን፤ ሁለታችንም ትሪ አንሸከምም።

ታዲያ ማድ ቤቱን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው? ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ግማሽ መልስ ነው። የማድ ቤት ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። ሽንኩርት መክተፍ፣ ወጥ መሥራት፣ ሰሐን ማጠብ ቤት ውስጥ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። እንጀራ ግን ሌላ ነው። በእንጨት ከሆነ ጭሱ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ግድግዳና ኮርኒስ ያጠፋል፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ጠላ መጥመቅ፣ በርበሬ መቀንጠስና ማመስ፣ በግ መገነጣጠል ሁሉም ውሃ የሚደፋበት፣ የሚያስነጥስ፣ ውጭ ውጭ የሚል ሥራ ነው። እኔ የምመርጠው ማድ ቤቱን ለሁለት መክፈል ነው፤ የዕለቱ ወጥ ውስጥ፣ ምጣዱና የድግሱ ጣጣ ሰርቪስ፤ በመካከላቸው እግር የማይረጥብበት ጣሪያ። እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው፤ ወጥ የሚወጣው በየቀኑ ነው። ርቀቱን እንደ ድግግሞሹ መመደብ እንጂ «ማድ ቤት ውጭ» ወይም «ማድ ቤት ውስጥ» የሚል ሕግ የለም።

ወደ እናቴ በርጩማ ልመለስ። ፀሐይ ያለበትን ጥግ የመረጠችው ሳታስበው ነው፤ ነገሩ ግን ስሌት አለው። ተፍኪ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ የምታልፈው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ሚያዝያ መግቢያና ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል፣ ማለትም በክረምቱ ወራት፣ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ደመናው ስለሚሸፍናት የሚጠቅመን ነገር ትንሽ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ያለው የበጋው ፀሐይ ግን በደቡብ በኩል ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ቅዝቃዜው ሌሊት አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። የጣሪያው ክፈፍ 60 ሳንቲም ቢወጣ እንኳ በደቡብ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ትዘረጋለች፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በሰሜን ግድግዳ ያለ መስኮት በእነዚያ ወራት አንድ ቀንም ፀሐይ አያይም።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ያለ ማሞቂያ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ መንገድ በሰሜን ነው ብያለሁ። ሳሎን ሁልጊዜ ወደ መንገድ ስለሚዞር ትልቁ ክፍል፣ ትልቁ መስኮት፣ ውዱ መጋረጃ ቀዝቃዛውን ፊት ይይዛል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ደቡቡ ለመታጠቢያ ቤትና ለኮሪደር ይተርፋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ያንኑ ፕላን ቢሠራ ሳሎኑ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። አንድ ፕላን ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሁለት የተለያየ ቤት ነው። ምዕራብን በተመለከተ አጭር ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የከሰዓት ፀሐይ መኝታ ቤትን እስከ ማታ ያግላል፤ ለዕቃ ቤት፣ ለመታጠቢያ ወይም ለጠባብ መስኮት ይተውለት። ልጆችን ለትምህርት በጠዋት ለሚያስነሣ ሰው ደግሞ ምሥራቅ መስኮት ከደወል ይሻላል። ኦርቶዶክስ ለጸሎት ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ከተፍኪ መካ ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ፤ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ወደዚያ እንዳይዞር በኖራው ቀን ካልታሰበ በኋላ ሰድሩን ማስነሣት ይመጣል።

አሁን የተፍኪን ዋና ነገር ልናገር፤ ሰበታ የተሠራውን ቤት ቀድቶ ተፍኪ መትከል ለምን እንደሚከብድ። ከሰበታ ወርዶ ወደ በቾ ሜዳ ሲገባ መሬቱ ይጠቁራል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ኮቲቻ ይለዋል፤ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ ነው። ለጤፍና ለሽምብራ የተባረከ መሬት ነው፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ሽምብራ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተዘርቶ በተረፈው ርጥበት ብቻ ያፈራል። ገበሬውን የሚመግበው ይኸው ጠባይ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሚያዝያ ላይ በሜዳው የሄደ ሰው ዱላ የሚውጥ ስንጥቅ ያያል። ሐምሌ ላይ ያ ስንጥቅ ገጥሞ የለም፤ መሬቱ ተነፍቷል።

በዚህ መሬት ላይ ቤት ስናሳርፍ የቤቱ መካከል በወለሉ ስለሚሸፈን ርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ዙሪያው ግን ክረምት ይረጥባል፣ በጋ ይደርቃል። ስለዚህ የውጭ ግድግዳዎቹ ከነመሠረታቸው በዓመት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላሉ፤ መካከሉ ባለበት ይቆማል። ብሎኬት ይህን አይችልም። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ይነሣና የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ እየወጣ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ባለቤቱ በልስን ይደፍነዋል፣ በዓመቱ ያው ቦታ ይከፈታል።

መሐንዲሶች የሚያደርጉት ይታወቃል፤ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት፣ መሠረቱን ርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማድረስ፣ ግሬድ ቢም በሚባለው የአርማታ ማሰሪያ ማሰር። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚበቃ የሚታወቀው የዚያው ቦታ አፈር ተመርምሮ ነው፤ «ጎረቤቴ ይህን ያህል ቆፍሯል» ምርመራ አይደለም። እኔ እዚህ የምለው ግን ስለ ወለል ፕላኑ ነው፤ ብዙ ሰው መሠረትና ፕላን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስሉታል።

ቅርጹን እንይ። 100 ካሬ ቤት 10 በ10 ቢሆን ዙሪያው 40 ሜትር ነው። 8 በ12 ተኩል ቢሆን 41። ያንኑ 100 ካሬ 5 በ10 የሆኑ ሁለት ክንፎች አድርገን በማዕዘን ብናጋጥማቸው ዙሪያው 50 ሜትር ይሆናል። 10 ሜትር ተጨማሪ መሠረት፣ 10 ሜትር ተጨማሪ ቢም፤ በ3 ሜትር ቁመት 30 ካሬ ግድግዳ። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ስለሚገባ 375 ብሎኬት፣ ልስኑንና ቀለሙን ሳንቆጥር። አንድ ካሬ ክፍል አልተጨመረም። ሱሉልታ ተዳፋት ላይ፣ ጠንካራ መሬት ባለበት፣ ያ የታጠፈ ቤት ነፋስ የሚከልል ደስ የሚል ግቢ ሊፈጥር ይችላል፤ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው። ዋልካ ላይ ግን ሁለቱ ክንፎች በየራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ መጋጠሚያቸው ላይ ይተረተራሉ። ጣሪያውም በዚያው ውስጠኛ ጥግ ውሃ ይሰበስባል፤ ፍሳሹ ደግሞ በትክክል መሬቱ እንዳይረጥብ በምንፈልግበት ቦታ ላይ ይወርዳል።

የውሃውን መጠን የማይገምት ሰው ብዙ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 72 ካሬ ቤታችን ከነክፈፉ 90 ካሬ ያህል ጣሪያ አለው። በዓመት አንድ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 90 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚወርደው በግድግዳው እግር ሥር ነው። ስለዚህ አሸንዳው፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለው አንድ ሜትር ሊሾና ውሃው የሚሄድበት ቦይ ከፕላኑ ጋር መሣል አለባቸው። አበባ የሚተከለው ከግድግዳው ሥር አይደለም። ባሕር ዛፍማ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ መሬቱን መጥጦ አንዱን ጎን ብቻ ያደርቀዋል። መታጠቢያ ቤትና ሽንት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋሩ፤ ቧንቧው ያጥራል፣ ቢያፈስም የት እንዳለ ይታወቃል። በሁለት ተቃራኒ ጥግ ሁለት መታጠቢያ ያስቀመጠ ሰው አንደኛው ተደብቆ ሲያፈስ የሚያውቀው ግድግዳው ሲናገር ነው።

አንድ የሰፈሩ አዛውንት ኖራውን አይተው የጠየቁኝ ጥያቄ በፕላኑ ላይ ያልነበረ ነው። «ወለሉ የት ድረስ ነው የሚወጣው?» አሉኝ፣ ዱላቸውን ወደ መንገዱ እየቀሰሩ። አዋሽ ከግንጪ በኩል ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ በበቾ ሜዳ ሲጓዝ ክረምት ላይ ከአልጋው ይወጣል፤ ሜዳውም የራሱን ዝናብ ቶሎ አያስተላልፍም። በዚያ ላይ መንገድ በተጠገነ ቁጥር ገረጋንቲ እየተደፋበት ከፍ ይላል፤ ዛሬ ከመንገዱ እኩል የሆነ ወለል ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉድጓድ ነው። ወለሉን ከመንገዱ በላይ 60 ሳንቲም ለማውጣት ወሰንን። ይህ ደግሞ 15 ሳንቲም ከፍታ ያላቸው አራት ደረጃዎች ማለት ነው፤ ለእናቴ ጉልበት ከባድ ነው፤ ስለዚህ በጎን በኩል ተዳፋት መውጫ ገባ፤ እሱም ቦታ በላ። ሴፕቲክ ታንኩም ያው ጣጣ አለበት፤ ክረምት ላይ የመሬቱ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ካልታሸገ ይሞላል፤ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጣ ሰው 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ደግሞ 20 ሜትር ርዝመት ባለው ቦታ ላይ የማይሆን ነገር ነው። እኛ ጉድጓዱን ትተን ሮቶ ሰቀልን።

ሰርቪስን በተመለከተ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ሰው ሰርቪሱን አስቀድሞ ሠርቶ ይገባበታል፤ ከኪራይ ይገላግላል፤ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ዋናው ቤት ሲያልቅ ቤተሰቡ ከሰርቪሱ አይወጣም። ማታ ወደ ዋናው ቤት ለመተኛት ይሄዳል እንጂ ውሎው እዚያው ነው፤ ምክንያቱም እሳቱ፣ ውሃው፣ ፀሐዩና ወሬው እዚያ ነው። ሳሎኑ በመጋረጃ ተዘግቶ፣ ሶፋው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ስንት ዓመት የተቆጠበበት ቤት ሙዚየም ሆኖ ባለቤቶቹ ቆርቆሮ በሆነች 3 በ3 ክፍል ተጠጋግተው ሲበሉ አይቻለሁ፤ ደስተኞች ናቸው፤ ገንዘቡ ነው ያሳዘነኝ።

ለወደፊቱ ፎቅ ብለው ብረት አቁመው ለሚተዉ ሁለት ቃል። ደረጃው የት እንደሚወጣ ዛሬ ካልተወሰነ ፎቁ አይመጣም። 3 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 18 እርከን ያህል ያስፈልጋል፤ በመሀል ተጠምዝዞ ቢወጣ ከ8 ካሬ በላይ ይበላል፤ ያ አንድ መኝታ ቤት ነው። ከሥር መኪና ለማቆም ወይም ሱቅ ለማከራየት ብሎ ግድግዳ የሌለው ምድር ቤት ሠርቶ ፎቅ የሚጭንም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ሲወዘውዙን እንዲህ ዓይነቱን ቤት አስቤ ነበር፤ ከላይ የከበደ፣ ከሥር የቀጠነ ቤት በመወዛወዝ መጀመሪያ የሚጎዳው እግሩ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠውን ቤት በቀላሉ ምድብ ውስጥ ያስቀመጠውም ያለ ነገር አይደለም። ሰፊ ሳሎን የሚወድ ሰው ቁጥሯን ያስታውሳት።

በማግሥቱ ጠዋት ግንበኛው ሳይቆፍር አቆምነው። ሳሎኑን ከ27 ወደ 18 ካሬ ማሳነስ እንደምፈልግ ስነግረው ደንግጦ አየኝ፤ «ጋሼ፣ በኋላ ይቆጭዎታል!» አለኝ። የሰውየው ድንጋጤ ልክ ነው፤ ኖራ የተሰመረ ክፍል ሁልጊዜ ጠባብ ይመስላል። ጣሪያ የለውም፣ ግድግዳ የለውም፣ ዓይናችን የሚያነጻጽረው ከሜዳውና ከሰማዩ ጋር ነው። ስንቱ ሰው ኖራው ላይ ቆሞ «ጠበበ» ብሎ አንድ ሜትር ጨምሮ፣ ብሎኬቱ ሲወጣ አዳራሽ ሆኖበት ተጸጽቷል። ስለዚህ በዓይን አልተከራከርንም። ጆንያ አምጥተን የአልጋ ልክ አጠፍነው፤ ሜትር ተኩል በ1.90። መኝታ ቤቱ ኖራ ውስጥ ዘረጋነው። ቁም ሣጥኑ 60 ሳንቲም ወደ ውስጥ እንዲገባ ብሎኬት ደረደርን። በሩ 90 ሳንቲም ሲከፈት ቁም ሣጥኑን ነካ፤ በሩን ወደ ጥጉ ገፋነው፣ አንድ ካሬ ሳይጨመር ክፍሉ ሰፋ። ኮሪደሩ 1.20 በ6 ሜትር ነበር፤ 7.2 ካሬ፣ ከቤቱ አንድ አሥረኛ፤ ማንም የማይቀመጥበት። አንዱን በር ስናዛውር 2 ሜትሩ ተቆረጠ።

ከሳሎኑ የተረፈው 9 ካሬ ወደ ደቡብ ሄደ። 3 በ3 የሆነች ክፍል፤ አንዱ ግድግዳዋ ላይ ወጥ የሚሠራበት መደርደሪያና ገንዳ፣ ደቡብና ምሥራቅ ላይ መስኮት። ከሰል ገብቶ ቡና የሚፈላበት ክፍል በአንድ መስኮት አይታመንም፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሁለቱን በተለያየ ግድግዳ ላይ አደረግናቸው። ከበሯ እስከ ሰርቪሱ ያለው 4 ሜትር በቆርቆሮ ይሸፈናል። ግንበኛው ቆርቆሮውን ከሁለቱም ግድግዳ ጋር ሊያስረው ነበር፤ መሬቱ ሁለቱን ቤቶች በየፊናቸው ሲያነሣና ሲጥል ይተረትራቸዋል ብለን በራሱ አራት ቋሚ ላይ እንዲቆም ተስማማን። ባለቤቴ ክፍሏን በወረቀቱ ላይ ምን ብለን እንጻፋት ስትል «እልፍኝ» አልኳት፤ ሣቀችብኝና «ማድ ቤት» ብላ ጻፈች።

ግንበኛው አሮጌውን መስመር በእግሩ አጥፍቶ አዲሱን ነሰነሰ። ጥጉን ለካ፤ 101 መጣ፤ ችካሉን ነቅሎ እንደገና መታ። እናቴ በርጩማዋን አንሥታ በአዲሷ ክፍል ኖራ ውስጥ፣ መስኮት በሚሆነው ክፍተት ፊት ለፊት አስቀመጠች። ጥቂት ቆየችና ተነሥታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ገፋችው።

«በሩ ይመታኛል» አለች።

ግንበኛው ሜትሩን አወጣ። ልክ ነበረች። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግነው።